የታይት ኤንድ ዋጋ ከየት ይመጣል?

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ነሐሴ ሲገባ አሜሪካ ለምንኖር ሰዎች አንድ ግብዣ ይደርሰናል። የሥራ ባልደረባ ይመጣና "ሊጋችን አንድ ሰው ጎድሎታል፣ ትገባለህ?" ይላል። የፋንታሲ ፉትቦል ሊግ ማለቱ ነው፤ እውነተኛ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾችን መርጠን፣ ሜዳ ላይ በሚሠሩት ልክ ነጥብ እየተቆጠረ በየሳምንቱ እርስ በርስ የምንወዳደርበት ጨዋታ። ልጆቻችንማ ከኛ ቀድመው ገብተውበታል። ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ምን እንደሚሠራ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ራኒንግ ባክም፣ ዳር ቆሞ የሚቀበለውን ዋይድ ሪሲቨርም ትለያላችሁ። ታይት ኤንድ ላይ ሲደረስ ነው ነገሩ ግራ የሚያጋባው። ተጫዋቾች ተራ በተራ ሲመረጡ አንዱ ሰው በመጀመሪያው ራውንድ (ዙር) ይወስደዋል። ሌላው እስከ አሥራ ሁለተኛው ራውንድ ዞር ብሎም አያየው። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ዛሬ የማወራው ይህ እንዴት እንደሚሆን ነው።

እኔ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ካሉት ቦታዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ቦታ ነው። ሰው ሲያልፈው ይቆጨኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ባወራ አትዘኑብኝ።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ልበል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። ነጥብ ስቆጥር ደግሞ ተጫዋቹ በያዘው ኳስ፣ በሄደበት ርቀት (በያርድ) እና ኳስ ተቀብሎ ባስቆጠረው ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን የተጋጣሚው ጎል ክልል በማድረስ፣ ያገኘውን ብቻ ነው የምደምረው። ለአንድ የተያዘ ኳስ 1 ነጥብ፣ ለ10 ያርድ 1 ነጥብ፣ ለአንድ ታችዳውን 6 ነጥብ። ይህ ፒፒአር የሚባለው አቆጣጠር ነው። ሌሎችም አሉ፤ እመለስባቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሰውየውን እንየው። ኳስ ሲጀመር አምስት ግዙፍ ሰዎች ከፊት ይደረደራሉ። ሥራቸው ኳርተርባኩን መጠበቅና ለሯጩ መንገድ መክፈት ነው። ታይት ኤንድ በተለምዶ የሚቆመው በዚህ መስመር ጫፍ ላይ፣ ከመጨረሻው ሰው ጎን ተጠግቶ ነው። ሁለት ሥራ አለው። አንዳንዴ እንደነዚያ አምስቱ ተከላካይ ይገፋል፣ ብሎክ ያደርጋል። አንዳንዴ ደግሞ መስመሩን ለቆ ወጥቶ እንደ ሪሲቨር ኳስ ይቀበላል። ለመግፋት የሚበቃ ክብደት፣ ለመሮጥ የሚበቃ ፍጥነት ይፈለግበታል። ሁለቱንም አሟልቶ የያዘ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ሲገኝ ደግሞ ለተጋጣሚው ጭንቀት ነው። ከመሃል የሚከላከለው ላይንባከር ይከተለው ቢባል ላይንባከሩ ይዘገያል። ከኋላ የሚከላከለው ሴፍቲ ይከተለው ቢባል ሴፍቲው በቁመትና በክብደት ያንሳል።

ከታወቁት ታይት ኤንዶች ቶኒ ጎንዛሌዝ፣ አንቶኒዮ ጌትስ፣ ጂሚ ግራም ሦስቱም ዩኒቨርሲቲ እያሉ ቅርጫት ኳስ የተጫወቱ ናቸው። ጌትስማ በኬንት ስቴት ቅርጫት ኳስ ብቻ ነበር የተጫወተው፤ ኤንኤፍኤል፣ ማለትም እውነተኛው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ሲገባም በድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) የመረጠው ክለብ አልነበረም። ሆኖም 116 ታችዳውን አስቆጥሮ ጨረሰ፤ ከዚያ በፊት ያን ያህል ያስቆጠረ ታይት ኤንድ አልነበረም። ተከላካይን በሰውነት ከልሎ ከፍ ያለ ኳስ መንጠቅ ከቅርጫት ኳስ ሜዳ የመጣ ችሎታ ነው።

እንግዲህ ለፋንታሲ ተጫዋች የመጀመሪያው ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። ብሎክ ማድረግ ነጥብ የለውም። ጆርጅ ኪትል ለሳን ፍራንሲስኮ መንገድ ሲከፍት ሯጩ 40 ያርድ ቢሄድ ነጥቡ የሯጩ ነው። ለኪትል ዜሮ። እውነተኛው አሠልጣኝ ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል፤ የኛ ጨዋታ ግን አያየውም። ስለዚህ "ጎበዝ ታይት ኤንድ ነው" የሚል ወሬ ስትሰሙ "በምኑ?" ብላችሁ ጠይቁ። በየሳምንቱ ሜዳ ላይ የሚውል፣ ክለቡ የሚያከብረው፣ ደጋፊው የሚወደው፣ በፋንታሲ ግን በሳምንት 5 ነጥብ የማያመጣ ታይት ኤንድ ሞልቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ2022 የተደረገውን ልንገራችሁ።

በዚያ ዓመት የቡፋሎው ሪሲቨር ስቴፎን ዲግስ 108 ኳስ ያዘ፤ 1,429 ያርድ ሄደ፤ 11 ታችዳውን አስቆጠረ። ሲደመር 317 ነጥብ ገደማ ነው። የካንሳስ ሲቲው ታይት ኤንድ ትራቪስ ኬልሲ ደግሞ 110 ኳስ ያዘ፤ 1,338 ያርድ ሄደ፤ 12 ታችዳውን አስቆጠረ። 316 ገደማ። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ታዲያ ሁለቱን እኩል ዋጋ ትሰጧቸዋላችሁ?

እስቲ ከጀርባቸው ማን እንዳለ እንይ። ከዲግስ ቀጥሎ ኤ ጄ ብራውን አለ፤ 304 ገደማ። ሲዲ ላም አለ፤ 300 አካባቢ። ከላይ ደግሞ ጀስቲን ጀፈርሰንም፣ ታይሪክ ሂልም፣ ዳቫንቴ አዳምስም ነበሩ። ዲግስ ቢያመልጣችሁ ሌላ ሰው ይዛችሁ ብዙም አትጎዱም። ከኬልሲ ቀጥሎ የነበረውን ታይት ኤንድ ስታዩ ግን ገደል ነው። ቲ ጄ ሆከንሰን፣ 213 ገደማ። ኪትል፣ 203 ገደማ። ወረድ ብላችሁ ጄራልድ ኤቨረትን ብታዩ ደግሞ 138 ገደማ። የአሥራ ሁለት ሰው ሊግ ውስጥ ሆናችሁ ታይት ኤንድ ሳትይዙ ብትዘገዩ እጃችሁ ላይ የሚገባው የኤቨረት ዓይነት ሰው ነበር።

በሁለተኛውና በአንደኛው መካከል 100 ነጥብ ልዩነት ማለት በሳምንት 6 ነጥብ ገደማ ነው። ያውም ከሁለተኛው ጋር ሲነጻጸር። ፋንታሲ ውስጥ ብዙ ጨዋታ በ6 ነጥብ ይሸነፋል። ኬልሲን የያዘው ሰው በየሳምንቱ ገና ኳስ ሳይጀመር ያን ያህል መርቶ ነበር የሚገባው።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የታይት ኤንድ ዋጋ የሚለካው ባገኘው ነጥብ ሳይሆን፣ ባላንጣችሁ በዚያው ቦታ ከሚያሰልፈው ሰው በሚበልጥበት ልክ ነው። ይህ ለሁሉም ቦታ ይሠራል። ታይት ኤንድ ላይ ግን ጎልቶ ይታያል፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው አንድ ታይት ኤንድ የማሰለፍ ግዴታ አለበት፣ ጥሩ የሚባለው ደግሞ ከአምስት ስድስት አይበልጥም።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ የምትጫወቱ ሰዎች ይህን በሌላ መልኩ ታውቁታላችሁ። የያኔውን የሊቨርፑል ተከላካይ አሌክሳንደር-አርኖልድን አስታውሱ። በ2019-20 ሲዝን 210 ነጥብ አመጣ። ይህን ነጥብ ያመጣ አማካይ ወይም አጥቂ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነው ይባልና ይታለፍ ነበር። ተከላካይ ሆኖ ተመዝግቦ እንደ አማካይ ኳስ ስለሚያቀብል ነው ሰው ሁሉ ያበደለት። ታላቁ ታይት ኤንድም እንዲሁ ነው፤ ታይት ኤንድ ተብሎ ተመዝግቦ የሪሲቨር ሥራ የሚሠራ ሰው።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። እዚያ አሌክሳንደር-አርኖልድን እናንተም፣ ጎረቤታችሁም፣ እኔም ልንይዘው እንችል ነበር። ሁላችንም ከያዝነው ብልጫው ይጠፋል። የአሜሪካኑ ፋንታሲ በድራፍት ነው። ተራ በተራ ይመረጣል። ኬልሲን አንድ ሰው ከወሰደው ሊጉ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ አሥራ አንድ ሰዎች አያገኙትም። ብልጫው ዓመቱን ሙሉ የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ ይቀመጣል። ከፕሪሚየር ሊጉ የመጡ ወዳጆቻችን መጀመሪያ ላይ የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። የጠቅላላ ነጥብ ሰንጠረዥ አይተው ከላይ ወደ ታች ይመርጣሉ።

ይህ "ታይት ኤንድ ተብሎ ተመዝግቦ" ያልኩት ነገር እውነተኛው ሊግ ውስጥም ትልቅ ክርክር አስነስቶ ያውቃል። ጉዳዩ የጂሚ ግራም ነው። በጣም ስለምወደው ትንሽ ልቆይበት።

ግራም በ2013 ለኒው ኦርሊንስ ሲጫወት 86 ኳስ ይዞ 1,215 ያርድና 16 ታችዳውን አስመዘገበ። 303 ነጥብ ገደማ ማለት ነው። የዚያን ዓመት ተከታዮቹን ስሟቸው። ቶኒ ጎንዛሌዝ 217፣ ጁሊየስ ቶማስ 216፣ ቨርነን ዴቪስ 215፣ ጆርዳን ካሜሮን 214። አራቱ በአንድ መስመር የቆሙ ይመስላሉ፤ እሱ ብቻውን ወደ 90 ነጥብ ርቆ ሄዷል። እንዲህ ባለ ዓመት ሁለተኛውን ታይት ኤንድ ለመያዝ ቀደም ያለ ምርጫ ማጥፋት ምንም አይጠቅምም፤ አምስተኛውም ያንኑ ያመጣል። አንደኛውን መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሲዝኑ ሲያልቅ የግራም ኮንትራት አለቀ። ክለቡ ፍራንቻይዝ ታግ የሚባለውን መብት ተጠቀመ። ይህ ክለቡ ተጫዋቹን ለአንድ ዓመት በተወሰነ ደመወዝ የሚያቆይበት መንገድ ነው። ደመወዙ የሚወሰነው በተጫዋቹ ቦታ ነው። ለታይት ኤንድ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፤ ለዋይድ ሪሲቨር ከ12 ሚሊዮን በላይ። ግራም "እኔ ሪሲቨር ነኝ" አለ። ማስረጃም ነበረው። ከተሰለፈባቸው ኳሶች ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት የቆመው ከመስመሩ ጫፍ ሳይሆን ወጣ ብሎ፣ ሪሲቨሮች በሚቆሙበት ቦታ ነበር። ክርክሩ ለገላጋይ ዳኛ ቀረበ። በሐምሌ 2014 እስቲቨን በርባንክ የተባሉት ዳኛ ታይት ኤንድ ነው ብለው ወሰኑ። ከመስመሩ ጫፍ ብዙም ሳይርቅ ከቆመ የታይት ኤንድ ቦታ ላይ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ግራምና ክለቡ በአራት ዓመት 40 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ።

ፋንታሲ የሚጫወተው ሰው ሁሉ ያን ፍርድ በጉጉት ነበር የጠበቀው። ያው ሰው፣ ያው 303 ነጥብ፣ ሪሲቨር ቢባል ከብዙ ጥሩዎች አንዱ ነው፤ ታይት ኤንድ ሲባል አቻ የሌለው። ለግራም ታይት ኤንድ መባል ኪሳራ ነበር፤ ለኛ ደግሞ ዋጋውን የሰጠው እሱው ነው።

እሺ፣ ታላቁን ታይት ኤንድ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ? ሙሉ በሙሉ አይቻልም። ግን አንድ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። በክለቡ ውስጥ ኳርተርባኩ መጀመሪያ የሚፈልገው ሰው ስንተኛ ነው?

አብዛኛው ታይት ኤንድ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ነው። ኳርተርባኩ ሪሲቨሮቹን ያያል፤ ሲዘጉበት ወደ ታይት ኤንዱ ይወረውራል። ከዚህ ዓይነት ሰው በሳምንት ሦስት ወይም አራት የተያዘ ኳስ ነው የሚጠበቀው። የጎሉት ግን ሁሉም ማለት ይቻላል በክለባቸው አንደኛ ወይም ሁለተኛ ነበሩ። ዳረን ዋለር በ2020 ለሬይደርስ 107 ኳስ ሲይዝ የክለቡ ዋና ተቀባይ እሱ ነበር። ማርክ አንድሩስ በ2021 ለባልቲሞር 107 ኳስ ይዞ 1,361 ያርድ ሲሄድም እንዲሁ። ዛክ ኤርትዝ በ2018 ለፊላደልፊያ 116 ኳስ ይዞ የታይት ኤንዶችን የአንድ ሲዝን ሪከርድ ሲሰብር ወርዋሪው ዓይኑን የሚጥለው እሱ ላይ ነበር። ኬልሲስ? ያ የ2022 ዓመት የመጣው ካንሳስ ሲቲ ታይሪክ ሂልን ለማያሚ ከሸጠ በኋላ ነው። ሂል ሲሄድ ኬልሲ ብቻውን አንደኛ ሆነ።

በ2024 ደግሞ ብሮክ ባወርስ መጣ። ሬይደርስ በ13ኛ ምርጫ የወሰዱት ልጅ ነው። ጥቅምት ላይ ክለቡ ዳቫንቴ አዳምስን ለጄትስ አሳልፎ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ኳሱ የሚሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረም። ባወርስ 112 ኳስ ያዘ። በታይት ኤንድ ብቻ አይደለም፤ በየትኛውም ቦታ የተጫወተ ጀማሪ በአንድ ሲዝን ያን ያህል ይዞ አያውቅም ነበር። 1,194 ያርዱም ማይክ ዲትካ በ1961 ለቺካጎ ያስመዘገበውን የጀማሪ ታይት ኤንድ 1,076 ያርድ በለጠ። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየ ሪከርድ ነበር። ልብ በሉ፤ ሬይደርስ በዚያ ዓመት ደካማ ክለብ ነበር። ኳርተርባኩም ይለዋወጥ ነበር። ክለቡ ቢሸነፍም ለታይት ኤንዱ የሚወረወረው ኳስ አልቀነሰም። ለኛ የሚጠቅመን ይህ ነው።

በተቃራኒው ካይል ፒትስን ተመልከቱ። አትላንታ በ2021 በአራተኛ ምርጫ ወሰደው። በድራፍት ታሪክ ያን ያህል ቀድሞ የተመረጠ ታይት ኤንድ የለም። ቁመት አለው፣ ፍጥነት አለው፣ እጅ አለው። በመጀመሪያ ዓመቱ 1,026 ያርድ ሄደ። ታችዳውኑ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለንደን ላይ ከጄትስ ጋር ሲጫወቱ ነው ያገባው። በሚቀጥለው ዓመት ፋንታሲ ውስጥ ከፍ ባለ ዋጋ ተወሰደ። ውጤቱ 28 ኳስ፣ 356 ያርድ፣ 2 ታችዳውን ሆነ። ጉዳትም ነበረበት፤ ከመጎዳቱ በፊትም ግን ነገሩ አልተቃናም። በ2022 አትላንታ ከሊጉ ክለቦች ሁሉ በጣም ጥቂት ኳስ ከሚወረውሩት አንዱ ነበር። ይሮጣሉ፤ ኳሱን አይወረውሩም። ለማንም የማይደርስ ኳስ ለፒትስ አይደርስም። ልጁን ብዙ ሰው ሰነፍ አለው። እኔ ይህን አልቀበልም። የተሰጠውን ተጫውቷል።

እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ታይት ኤንድ ሜዳ ላይ ዋለ ማለት ኳስ ሊቀበል ወጣ ማለት አይደለም። ክለቡ ስልሳ ጊዜ ሲያጠቃ ሁሉንም ተሰልፎ፣ ግማሹን ብሎክ ሲያደርግ የሚውል አለ። ስለዚህ የተሰለፈበትን ብዛት አትቁጠሩ። ኳርተርባኩ ሊወረውር ሲዘጋጅ ስንት ጊዜ ሮጦ እንደወጣ ነው መቁጠር ያለባችሁ። ይህ ሩት ይባላል። ቁጥሩን የሚያወጡ ድረ ገጾች ብዙ ናቸው። ከሩት ቀጥሎ የሚታየው ታርጌት ነው፤ ማለትም ስንት ጊዜ ወደሱ እንደተወረወረ።

ታችዳውን ላይ ብዙ አትመኩ። ያስደስታል፣ ሳምንት ያሸንፋል፤ ግን ከዓመት ዓመት አይጸናም። ከጎሉ አጠገብ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ብዙ ነገር ነው። ትሬይ ማክብራይድን ልጥቀስ። በ2024 ለአሪዞና 111 ኳስ ያዘ፣ 1,146 ያርድ ሄደ። ኳስ ተቀብሎ ያስቆጠረው ታችዳውን ሁለት ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ራሱ የመጣው ሲዝኑ ሊያልቅ ሲል ነው። በዚያው ዓመት ማርክ አንድሩስ 55 ኳስ ብቻ ይዞ፣ 673 ያርድ ሄዶ፣ 11 ታችዳውን አስቆጠረ።

ከሁለቱ ማን ይሻላል? መልሱ ሊጋችሁ ውስጥ ነው ያለው። ለተያዘ ኳስ ነጥብ በማይሰጥ ሊግ አንድሩስ 133፣ ማክብራይድ 127 ገደማ ናቸው። አንድሩስ ይበልጣል። በፒፒአር ማክብራይድ 238፣ አንድሩስ 188። ማክብራይድ በ50 ነጥብ ጥሎት ሄደ። ለታይት ኤንድ ብቻ በተያዘ ኳስ 1.5 የሚሰጡ ሊጎችም አሉ፤ ታይት ኤንድ ፕሪሚየም ይባላሉ። እዚያ ማክብራይድ 293፣ አንድሩስ 216 ይሆናሉ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ጨዋታዎቹም ያው ናቸው። ደንቡ ብቻ ነው የተለያየው። እባካችሁ ድራፍት ከመግባታችሁ በፊት የሊጋችሁን የነጥብ ደንብ አንብቡ። ሰው ሁሉ አነበብኩ ይላል፤ ያነበበው ግን ጥቂት ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ አዲስ ሊግ የምታቋቁሙ ሰዎች ታይት ኤንድ ፕሪሚየምን አስቡበት። ሁለት ሦስት ሰው ብቻ የሚጠቀምበት ቦታ ይሆን የነበረው ለአሥር ሰው ትርጉም ያለው ይሆናል። ድራፍቱም ይሞቃል።

አሁን ስለ ዋጋ የሌላኛውን ወገን ልናገር። እስካሁን የሰማ ሰው "እንግዲያው ታይት ኤንድ በመጀመሪያ ራውንድ ልውሰድ" ሊል ይችላል። ቆዩ። በ2023 ብዙ ሰው እንዲሁ አደረገ። የ2022ን 100 ነጥብ አስቦ ኬልሲን በመጀመሪያው ራውንድ ወሰደ። ኬልሲ ጉልበቱን ተጎድቶ የመጀመሪያውን ሳምንት ሳይሰለፍ ቀረ። ዓመቱን በ93 ኳስ፣ በ984 ያርድና በ5 ታችዳውን ጨረሰ። 221 ገደማ። መጥፎ አይደለም። ግን ሆከንሰንም 221 ነው። ኢቫን ኢንግራም 114 ኳስ ይዞ 234 አመጣ። ከሁሉ በላይ የወጣው ደግሞ ዲትሮይት በሁለተኛው ዙር የወሰደው ጀማሪው ሳም ላፖርታ ነው፤ 86 ኳስ፣ 889 ያርድ፣ 10 ታችዳውን፣ ወደ 235 ነጥብ። ላፖርታን ፋንታሲ ውስጥ ድራፍቱ ሊያልቅ ሲል ያገኙት ሰዎች ብዙ ናቸው።

ስለዚህ በ2023 በታይት ኤንድ ከላይ ያሉት ሰዎች ተጠጋግተው ቆሙ። ገደሉ ተደለደለ። የመጀመሪያ ራውንድ ከፍሎ የገባው ሰው በዚያ ቦታ የገዛው ብልጫ አልነበረም። ያንን ምርጫ ለታላቅ ሪሲቨር ወይም ራኒንግ ባክ ሊያውለው ይችል ነበር። ኬልሲ ያኔ 34 ዓመቱን ሊደፍን ነበር። ባለፈው ዓመት የነበረ ልዩነት ዘንድሮም ይኖራል ብሎ ሙሉ ዋጋ መክፈል አደጋ አለው። ዕድሜው የገፋ ተጫዋች ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? የኔን አካሄድ ልንገራችሁ። ከሁለት አንዱን ምረጡ፤ መሃል ላይ አትቁሙ። ወይ በእርግጥ ከሌሎቹ የሚለየውን አንድ ወይም ሁለት ሰው ቀደም ብላችሁ ውሰዱ፤ ወይ ደግሞ እስከ መጨረሻዎቹ ራውንዶች ጠብቁ። በጣም የማልወደው ምርጫ ስድስተኛና ሰባተኛ ራውንድ ላይ ስሙ የታወቀ ታይት ኤንድ መውሰድ ነው። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአሥረኛው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የሚበልጠው። እዚያው ራውንድ ላይ ግን ነገ ዋና ሊሆን የሚችል ወጣት ሪሲቨር ወይም ራኒንግ ባክ አለ።

የጠበቀ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በየሳምንቱ መቀያየር ነው። ነጻ ከሆኑት ተጫዋቾች መካከል በዚያ ሳምንት ደካማ ተከላካይ የሚገጥመውን ታይት ኤንድ እያነሱ ማሰለፍ። ይሠራል፤ ግን ክትትል ይፈልጋል፣ ሥራ ለሚበዛበት ሰው ይከብዳል። ሁለተኛው ወጣቶች ላይ መወራረድ ነው፤ እኔ ይህን አብልጣለሁ። ድሮ "ጀማሪ ታይት ኤንድ አትንካ" ይባል ነበር። ምክንያቱም ነበረው። ልጁ ብሎክ የማድረጉንም፣ የመቀበሉንም ሥራ ባንድ ጊዜ መማር አለበት፤ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። ላፖርታና ባወርስ ግን በተከታታይ ሁለት ዓመት ይህን አፈረሱት። ኮሌጆቹ አሁን እነዚህን ልጆች እንደ ሪሲቨር እያጫወቱ ያሳድጓቸዋል፤ ሊጉ ሲደርሱ መቀበሉን ተምረው ነው የሚመጡት። በ2025 ድራፍት ቺካጎ ኮልስተን ላቭላንድን በ10ኛ፣ ኢንዲያናፖሊስ ታይለር ዋረንን በ14ኛ ምርጫ ወስደዋል። ክለብ ለታይት ኤንድ ይህን ያህል ከከፈለ ብሎክ ሊያስደርገው ብቻ አይደለም።

ወጣት ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ። ክለቡ ኳስ ይወረውራል ወይ? ከልጁ በፊት የሚፈለጉ ሪሲቨሮች ስንት ናቸው? አሠልጣኙ ብሎክ የሚያደርግ ሌላ ታይት ኤንድ አለው ወይ? ይህ ሦስተኛው ሰው የማያየው ነው። ብሎኩን የሚሠራ ሌላ ሰው ካለ የናንተ ልጅ ሮጦ ይወጣል። ከሌለ ብሎኩ የሱ ዕዳ ነው።

ሲዝኑ ሲጀመርም አትተኙ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ነጥቡን ሳይሆን ሩቱንና ታርጌቱን ተከታተሉ። በየሳምንቱ ሰባት ስምንት ኳስ እየተወረወረለት ታችዳውን ያላገባ ታይት ኤንድ ካያችሁ ባለቤቱ ሳይሰለች አይቀርምና በልውውጥ ጠይቁት። ሁለት ኳስ ይዞ ሁለት ታችዳውን ያገባውን ደግሞ ሰው ሲጓጓለት አሳልፋችሁ ስጡት። ይህን ለማድረግ ጊዜው ያ ነው፤ አምስተኛው ሳምንት ላይ ሁሉም ሰው ያውቃል።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። የሊጋችሁን ደንብ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከናንተ እንጀምር።